ላልሞተ ሰው፦ የአንድ ቴአትር የልምምድ ማስታወሻ

ጥቅምት 9፣ እሑድ

ቁልፉን ዛሬ ተረከብኩ። የምንለማመደው ቱሉ ዲምቱ፣ ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ ከሚጀምርበት ብዙም ሳይርቅ፣ በኮንዶሚኒየሙ የጋራ መጠቀሚያ ሕንፃ ውስጥ ነው። ምድር ቤቱ በሬ የሚታረድበትና ድግስ የሚበስልበት ስለሆነ ወለሉ ውኃ እንዲወርድ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፤ ፎቁ ግን 12 እርምጃ በ8 እርምጃ የሆነ ባዶ አዳራሽ ነው። ሁለት መስኮት ተሰብሯል፤ የጥቅምት ብርድ ከሜዳው እየተነሣ ቀጥ ብሎ ይገባል። የእድሩ ጸሐፊ ቁልፉን ሲሰጡኝ የጠየቁኝ ገንዘብ አይደለም። «ሰው የሞተ ቀን በአንድ ሰዓት ውስጥ ትለቁልናላችሁ» አሉኝ። ተስማምቼ ፈረምኩ።

ቴአትሩ ስለ አንዲት ውሸታም ነው። የከተማ ልጅ ናት። እናቷ የሞተችባት መስላ ወደ አንዲት አስለቃሽ አሮጊት ቤት ትገባለች። አሮጊቷ አዝነው ያስጠጓታል፤ ሙሾ ያስተምሯታል። ልጅቷ የተማረችውን ይዛ ትወጣና በትልልቅ ሆቴሎች መድረክ ላይ ጥቁር ለብሳ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ «የአስለቃሽ የልጅ ልጅ ነኝ፤ ከአያቴ የወረስኩት ነው» እያለች ታቀርበዋለች። እናቷ በሕይወት አለች።

ይህን ታሪክ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ከሩቅ አገር የመጣ ወሬ ነው። ሚስ ሳይጎን የተባለው ሙዚቃዊ ድራማ እ.ኤ.አ. በ1990 ከለንደን ወደ ኒው ዮርክ ሊሻገር ሲዘጋጅ፣ ግማሽ እስያዊ የሆነውን ገጸ ባሕርይ ነጭ ተዋናይ መጫወቱን የእስያ ተወላጅ የሆኑ አሜሪካውያን የመድረክ ሰዎች ተቃወሙ። ከተቃዋሚዎቹ አንዱ ጸሐፌ ተውኔት ዴቪድ ሄንሪ ህዋንግ ነበር። ይኸው ሰው እ.ኤ.አ. በ2007 ባቀረበው የሎው ፌስ በተባለ ተውኔት ግን ጣቱን ወደ ራሱ አዞረ። በእሱ አምሳል የተሳለው ጸሐፌ ተውኔት ሳያውቅ ለእስያዊ ገጸ ባሕርይ ነጭ ሰው ይመርጣል፤ ሲያውቅ ደግሞ ስሙ እንዳይጎድፍ ብሎ ለሰውየው የእስያ የዘር ሐረግ ይፈጥርለታል። ምሁራን የባህል ነጠቃ የሚሉትን ነገር እስከዚያ ድረስ የማውቀው ነጣቂና ተነጣቂ ፊት ለፊት እንደቆሙበት ጉዳይ ነበር። መካከል ላይ ቆሞ ሁለቱንም የሚያውቅ፣ ግን ዝም የሚል ሦስተኛ ሰው እንዳለ ያሳየኝ ይህ ተውኔት ነው።

ጥቅምት 16፣ እሑድ

ስድስት ሆነናል። ልጅቷን የምትጫወተው የ24 ዓመት ወጣት ናት፤ ድምጿ ከአፏ ሳይሆን ከጀርባዋ የሚወጣ ይመስላል። አሮጊቷን የሚጫወቱት በደርግ ዘመን በቀበሌ የኪነት ቡድን ውስጥ ያደጉ ጡረተኛ መምህርት ናቸው። ሆቴሉን የሚያስተዳድረውን ሰው የሚጫወተው ደግሞ ማታ ማታ በባህላዊ ምግብ ቤት የሚጨፍር ልጅ ነው።

ይህ ልጅ ዛሬ የነገረን ነገር ከልምምዱ ሁሉ በልጦብኛል። በአንድ ምሽት ስምንት ጊዜ ልብስ ይቀይራል። ስምንት ሕዝብ ሆኖ ያድራል ማለት ነው። አንድ ምሽት ከእንግዶቹ መካከል አንድ ሽማግሌ ጠሩት። «ልጄ፣ አሁን የጨፈርከው እኛ ዘንድ ትልቅ ሰው ሲቀበር የሚረገጥ ነው። ለምንድን ነው የምትስቀው?» አሉት። እሱም «ፈገግ በሉ ተብለን ነው» ብሎ መለሰላቸው። ከዚያ ወዲህ ያን ጭፈራ ሲጨፍር ፊቱን ምን እንደሚያደርገው አያውቅም።

መምህርቷ ግን አልተቀበሉትም። «እኛም የሁሉንም ብሔረሰብ ጭፈራ የተማርነው ከአንድ አሠልጣኝ ነው፤ ምናልባትም ግማሹ ስሕተት ነበር። ነገር ግን ያገሬን ሰው የወደድኩት በዚያ ነው። የማላውቀውን ሰው እርምጃ በእግሬ ስሞክር ሰውየውን ልጠይቀው ፈለግሁ» አሉ። ሁለቱም እውነት ይመስለኛል። ልዩነቱ «ልጠይቀው ፈለግሁ» ያሉት ላይ ነው።

የሽማግሌውን ነገር ቴአትሩ ውስጥ ላስገባው ልጁን አስፈቀድኩት። ፈቀደልኝ።

ጥቅምት 21

ሁለተኛው ገቢር ሞቷል። ልጅቷ የሰረቀችውን ሙሾ ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ ላይ የምታወርድበት ቦታ ነው፤ እዚያ ላይ ተመልካቹ ማልቀስ አለበት፤ እያለቀሰም መታለሉን ማወቅ አለበት። የጻፍኩት ግጥም ግን የወረቀት ግጥም ነው። ቤት ይመታል፤ ልብ አይመታም።

ሙሾን ከውጭ ለሚያይ ሰው ግጥምና ዜማ ብቻ ይመስለዋል። አውራጇ ሁለት ስንኝ ትጥላለች፤ ሴቶቹ ይቀበላሉ፤ ደረት ይመታል። በገጠር የሟቹ ፈረስ በጭነቱ፣ ጠመንጃውና ልብሱ ወደ ለቅሶው ሜዳ ወጥቶ ረገዳ ይረገጣል። ግጥሙ ግን ተጽፎ የመጣ አይደለም። እዚያው፣ ቤተሰቡ ፊት፣ ለዚያ ሟች ብቻ ይገጠማል። እኔ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ ልገጥመው የሞከርኩት ያንን ነው።

ከልምምድ በኋላ ልጅቷን የምትጫወተው ወጣት «እትዬ፣ ከአያቴ የሰማሁት ስምንት ስንኝ አለኝ፤ ጎጃም ነበሩ» አለችኝና ቆማ አወረደችው። አዳራሹ ጸጥ አለ። ምግብ ቤት የሚጨፍረው ልጅ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ግጥሙ ስለ መንገድ፣ ስለ ሌሊትና ስለ መኪና መብራት ነው። ወዲያው ጽሑፉ ውስጥ አስገባሁት።

ጥቅምት 27

የእጅ ሥራ ቀን። መድረኩን 14 ጣውላ በለስላሳ መጠጥ ሣጥኖች ላይ ረብርበን ሠራነው፤ ሲረገጥ እንዳይንቋቋ በየመገጣጠሚያው ያረጀ ምንጣፍ ጎዘጎዝንበት። መብራታችን አራት ፓውዛ ነው። ብርሃኑ ነጭና ጨካኝ ስለሆነ በቢጫ ሻሽ ሸፈንነው። ኤሌክትሪክ ሁለት ጊዜ ጠፋ፤ ለዚያ በባትሪ የሚሠራ አንድ መብራት ከጣሪያው ብረት ላይ አሰርን።

የለቅሶ ድንኳን ያስፈልገን ነበርና እድሩን ለመንኩ። ጸሐፊው ከሌሎቹ ጋር ተማክረው መለሱልኝ፦ «ለሠርግ እንሰጣለን፤ ለለቅሶ እንሰጣለን። ለውሸት ለቅሶ ግን ድንኳን መትከል ሟርት ነው።» ተከፋሁ። ትንሽ ኋላ ቀርነትም መስሎኝ ነበር። 18 ሜትር አቡጀዲ ገዝተን፣ ምድር ቤት ሱቅ ያለው ልብስ ሰፊ ሰፋልን፤ በአራት የባሕር ዛፍ ምሰሶ ቆመ። የእድሩ ሰዎች ያሉትን ያን ቀን አልሰማሁትም፤ ዛሬ ሳስበው ሁሉንም ነገር ቀድመው ነግረውኝ ነበር።

ኅዳር 14፣ እሑድ

ነገ የገና ጾም ስለሚገባ፣ ሰዉም ቤቱ ስለሚውል፣ ለጎረቤቶች ክፍት ልምምድ አዘጋጀን። 40 የሚሆኑ ሰዎች መጡ፤ አብዛኞቹ እናቶች ናቸው። የመጀመሪያው ገቢር ጥሩ ሄደ። ሳቁ፤ አሮጊቷን ወደዷቸው፤ ልጅቷን ጠረጠሯት።

ሁለተኛው ገቢር ላይ ልጅቷ ስንኞቹን ጀመረች። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ስትደርስ ከኋላ ወንበር አንዲት ሴት ተነሣች። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች። ወንበሩን ሳታንኳኳ ወጣች። ሁለት ሴቶች ተከተሏት። ልጅቷ ስምንቱንም ስንኝ ጨረሰች፤ ማንም አላጨበጨበም።

ከፊት የተቀመጡ አንዲት እናት ወደ እኔ ዞር ብለው በዝግታ «ይህ እኮ የእሱ ነው» አሉኝ።

ሰውየው የወጣችው ሴት ባል ነው፤ የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። የሞተው በሰኔ ነው፤ የተለቀሰለት እኛ በቆምንበት ሕንፃ ግቢ ውስጥ ነው።

ማታ እንቅልፍ እንቢ አለኝ። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ የመኪናው መብራት ነው። ጎጃም ውስጥ የኖሩ የልጅቷ አያት ስለ ከባድ መኪና መብራት ሙሾ ያወርዳሉ? ይህን ጥያቄ ጥቅምት 21 ቀን መጠየቅ እችል ነበር። ጥያቄው ጭንቅላቴ ውስጥ ነበር። ግጥሙን ስለፈለግሁት ዘጋሁበት።

ኅዳር 15

ልጅቷ ሁሉንም ነገረችኝ። ሰኔ ላይ ዘመዷ ጋር መጥታ ለቅሶ ደርሳ ነበር። ስልኳን ነጠላዋ ውስጥ አድርጋ ቀረጸችው። «ያኔ ቴአትሩ አልነበረም፤ ያማረኝ ድምፃቸው ነው» አለች። አምናታለሁ። ከዚያ ግን እኔ ግጥም ስፈልግ አየችና ሰጠችኝ፤ ከየት እንደመጣ ከተናገረች እንደማልቀበላት ስለገባት አያት ፈጠረች።

ተቆጥቼ ጀመርኩ። «ጎረቤት አልቅሶ ሲቀብር ትቀርጫለሽ?» አልኳት። «ሁሉም ሰው ይቀርጻል፤ እትዬ። ደግሞ ሕግ አይከለክልም» አለችኝ። ስለ ሕጉ ያለችው ባዶ አይደለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደራሲን በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይጠብቃል። እሺ፣ የለቅሶ ቀን፣ ድንኳን ውስጥ፣ ከአንዲት አሮጊት አፍ የወጣ፣ በሌሎች ሴቶች ተቀባይነት የተዜመ፣ ማንም ያልጻፈው ግጥም ደራሲው ማነው? የማስወግደው ጥያቄ አይደለም፤ ግን ያቺ ሴት ከአዳራሹ የወጣችው አዋጅ ስለተጣሰባት አይደለም።

ከዚያ ዝም አልኩ። የምቆጣት እኔ ማን ሆኜ ነው? እሷ አያት ፈጠረች፤ እኔ አያቲቱን ያመንኩ መሰልኩ። ስለ ውሸታም ልጅ የጻፍኩት ቴአትር ቃል በቃል ውስጤ ተቀምጦ ነበር። «ከአያቴ የወረስኩት ነው» የሚለውን ቃለ ተውኔት የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ኅዳር 17

ሙሾውን ያወረዱት እማማ ሦስተኛ ፎቅ ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ትውልዳቸው መንዝ ነው። በእድሩ አንዲት እናት አማካይነት፣ ልጅቷን ይዤ፣ ስኳርና ቡና ቋጥሬ ሄድኩ። ጥጥ እየፈተሉ አገኘናቸው። እንዝርቱን አላስቀመጡም።

ልጅቷ ጉልበታቸው ላይ ወደቀች። «ተነሺ፤ የኔ ልጅ፣ ወለሉ ይበርዳል» አሏት።

ይቅርታ ጠየቅን። ከዚያም ፈቃድ ጠየቅን።

«የምን ፈቃድ?» አሉ። «እኔ የግጥሙ ባለቤት ነኝ እንዴ? አፌ ላይ መጣ እንጂ። ሞቱ የሷ ነው፤ ግጥሙም የሷ ነው። የሷን ሰው አንሥቼ ለሷ ሰጠሁ፤ አለቀ።»

«እማማ፣ እንግዲያው ሌላ ግጥም ይግጠሙልን፤ እንከፍላለን» አልኳቸው። ይህንንም ማለቴን አልደብቅም።

«ለማን?»

«ለቴአትሩ ሟች።»

«ማነው የሞተው?»

«ማንም አልሞተም፤ ታሪክ ነው።»

እንዝርቱ ቆመ። «ላልሞተ ሰው ሙሾ አይወርድም። አፍ ይጠራል። አንቺ ደግሞ እናት አለሽ፤ ልጅ አለሽ፤ ምን ልትጠሪ ነው?» አሉኝ። አልተቆጡም። ሕፃን እሳት ሊነካ ሲል እንደሚከለከለው ነበር የከለከሉኝ። ድንኳኑን የከለከሉኝ የእድሩ ጸሐፊ ትዝ አሉኝ።

ቡናው ሁለተኛ ላይ ሲደርስ፣ ሥራ ብዬ ሳይሆን እንዲያው መገረሜን መደበቅ አቅቶኝ፣ ያን ሁሉ ከየት እንደሚያመጡት ጠየቅኋቸው። ሳቁ። «እጠይቃለኋ!» አሉ። ለቅሶ ቤት ሲደርሱ መጀመሪያ አያለቅሱም። ከቤተሰቡ መካከል ቁጭ ብለው ይጠይቃሉ። ስሙ ማነው? የማን ልጅ ነው? እጁ ምን ይሠራ ነበር? ሲሞት አጠገቡ ማን ነበር? ግማሹ ግጥም መልሱ ውስጥ ተገጥሞ ይመጣል፤ የቀረው ቤት ማስመታት ነው።

የሹፌሩ ለቅሶ ላይ የጠየቁት የዘጠኝ ዓመት ልጁን ነው። «አባትህ ሲመጣ በምን ታውቀው ነበር?» አሉት። ልጁ በሰገነታቸው በኩል የፍጥነት መንገዱ እንደሚታይ፣ አባቱ ሌሊት ሲያልፍ የመኪናውን መብራት ሁለት ጊዜ አብርቶ እንደሚያጠፋላቸው ነገራቸው። አዳራሹን ዝም ያሰኘው፣ እኔ «እንዴት ያለ ዘመናዊ ምስል ነው» ብዬ ያደነቅሁት ስንኝ የዚያ ልጅ ነው። ይህን ያህሉን እንድጽፍ እናቱ ፈቅዳልኛለች፤ ስንኙን ግን አልጽፈውም።

ስንወጣ እማማ «ጥያቄውን ውሰጂ» አሉኝ። «ጥያቄ የማንም ነው።»

ኅዳር 19

ወደ ሴትዮዋ ቤት ሄድን። ልጅቷና እኔ ብቻ። አስቀመጠችን፤ ሻይ አፈላችልን፤ ሳንናገር ብዙ ቆየን። ልጅቷ የተናገረችው አጭር ነበር፦ ቀረጽኩ፣ ዋሸሁ፣ ይቅር በይኝ።

ሴትዮዋ «መድረክ ላይ እንዳይባል» አለች። አይባልም አልናት።

ከዚያ ያልጠበቅነውን ጠየቀችን። «ስልክሽ ላይ አሁንም አለ?» ልጅቷ ልታጠፋው ስልኳን አወጣች። «ተይ፤ አታጥፊው። እኔ የዚያን ቀን ምንም አልሰማሁም። ሰው ይዞኝ ነበር። እማማ ምን እንዳሉ የነገሩኝ ሌሎች ናቸው። ልጆቹ ሲያድጉ ይስሙት» አለች።

ልጅቷ ቅጂውን ወደ ሴትዮዋ ስልክ አስተላለፈች፤ ከራሷ ላይ እዚያው ፊቷ አጠፋችው። ሴትዮዋ ሳታዳምጠው ስልኩን ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጠችው።

መንገድ ላይ አልተነጋገርንም።

ኅዳር 22

ትናንት ጽዮን ስለነበረች ልምምድ አልነበረም። ዛሬ ስድስታችንም ተቀምጠን ተከራከርን። ለቴአትሩ ሦስት ሳምንት ቀርቶናል፤ ሁለተኛው ገቢር ደግሞ መካከሉ ላይ ባዶ ነው።

አንዱ ተዋናይ ቴአትር ማለት ያልሆኑትን መሆን ነው፤ እንዲህ ከተባለ ንጉሥ ያልሆነ ሰው ንጉሥን አይጫወትም አለ። ክርክሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 በሞንትሪያል ከተማ ስላቭ የተባለ ዝግጅት ቀርቦ ነበር። ጥቁር ባሪያዎች የዘመሯቸውን ዜማዎች አብዛኞቹ ነጮች የሆኑ ሴቶች ያቀርቡታል። ተቃውሞ ተነሣና የጃዝ ፌስቲቫሉ ከጥቂት ቀናት በኋላ ሰረዘው። አዘጋጁ ሮቤር ለፓዥ ያኔ የተከራከረው ልክ የእኛ ተዋናይ እንዳለው ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ግን ከተቃዋሚዎቹ ጋር ተቀምጦ ካዳመጣቸው በኋላ ዝግጅቱ ጉድለት እንደነበረበት በጽሑፍ አመነ፤ ሥራውንም አሻሽሎ አቀረበው። ይህን ስነግራቸው ተዋናያችን «ታዲያ እሱም ቀጠለ» አለ። አዎ፤ ቀጠለ። እኛም እንቀጥላለን። ጥያቄው በምን እንደምንቀጥል ነው።

እኔ የምለው ይህን ነው። ሌላ ሰው መምሰል የሙያችን ሥራ ነው፤ ተመልካቹ ተዋናይ እንደሚያይ ያውቃል፤ ስለዚህ ማንም አልተታለለም። የሹፌሩ ሚስት ግን ቴአትር ልታይ መጥታ የባሏን ለቅሶ አየች። እሷ ያላወቀችውን እኛ እናውቅ ነበር፤ ቢያንስ ማወቅ እንችል ነበር። ማታለል እዚያ ላይ ነው ያለው፤ ጥቁር ልብሱ ላይ አይደለም።

መምህርቷ «እማማ የሰጡን ነገር አለ፤ ለምን አንጠቀምበትም?» አሉ። ጥያቄውን ማለታቸው ነው። ሌሊቱን ስጽፍ አደርኩ።

ኅዳር 25

አዲሱ ትዕይንት ይህ ነው። ሙሾ የለም። ልጅቷ ከሆቴሉ ተልካ ወደ አሮጊቷ ትመለሳለች፤ አንድ ተጨማሪ ሙሾ ትፈልጋለች። «አባቴ ሞተ» ትላለች። አሮጊቷ እንደ ወጉ ከማልቀሳቸው በፊት አጠገቧ ተቀምጠው ይጠይቃሉ።

«ስሙ ማነው?» ልጅቷ ስም ትፈጥራለች። ቀላል ነው።

«የማን ልጅ ነው?» ትንሽ ትዘገያለች።

«እጁ ምን ይሠራ ነበር?» «ነጋዴ ነበር።» «እጁን ነው የጠየቅሁሽ።» እዚህ ላይ ልጅቷ የራሷን እጅ ታያለች። የማያውቁትን ሰው እጅ መፍጠር ይከብዳል።

«ሲሞት አጠገቡ ማን ነበር?» መልስ የለም። አሮጊቷ ይጠብቃሉ። እንደ ወንጀል መርማሪ አይደለም፤ ግጥሙን እንደሚጠብቅ ሰው ነው። ልጅቷ መናገር ሲያቅታት አሮጊቷ ቀስ ብለው ነጠላቸውን ከአዘቀዘቁበት መልሰው ይለብሱታል። ይኸው ነው። ያለቀሰ የለም፤ ሟችም የለም።

ልጅቷ ይህን ስትለማመድ ድምጿ ጠፋ። ያን የሚያስቀና ድምፅ አንድም ቦታ ላይ አትጠቀምበትም። «እትዬ፣ ምንም ሳልዘምር ነው የምወጣው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ለረጅም ጊዜ አሰበችና «እሺ፤ ከአራተኛው ጥያቄ በኋላ ስንት ልቆይ?» አለች። 20 ቆጥሪ አልኳት። ለመድረክ ረጅም ነው። እኔም አብሬያት ስቆጥር 14 ላይ እጄን የማደርግበት ጠፋኝ፤ ስለዚህ ትክክል ነው።

ኅዳር 29

የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን ስለሆነ ጨፋሪው ልጅ ሦስት ቦታ ተጠርቷል፤ ያለ እሱ ተለማመድን። ማታ ደወለልኝ። ያንን ጭፈራ ሳይስቅ ጨፈረው። አለቃው ተቆጥቶታል። ሌላ ምንም አልተናገረም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።

ታኅሣሥ 5፣ እሑድ

ጠዋት ጥሩምባ ተነፋ። ከአጠገባችን ሕንፃ አንድ አዛውንት አርፈዋል። ነፍስ ይማር። ቃላችን ነውና መድረኩን በ50 ደቂቃ አፈረስን፤ ጣውላዎቹን ለድንኳኑ አግዳሚ አደረግናቸው። የአቡጀዲ ድንኳናችንን ግን ሰው እንዳያየው ጠቅልለን ደበቅነው። ሴቶቹ ንፍሮ ሲቀቅሉ ልጅቷ ውኃ ስትቀዳ ዋለች። ስልኳን ቤት ትታ ነው የመጣችው፤ ማንም እንዲህ አድርጊ አላላትም።

እማማ መጡ። ከቤተሰቡ መካከል ቁጭ አሉ፤ ለረጅም ጊዜ ሲጠይቁ አየኋቸው። ከዚያ ተነሡ። ያሉትን እዚህ አልጽፈውም።

ታኅሣሥ 12፣ እሑድ

መድረኩን ትናንት ሌሊት መልሰን ሠራነው፤ አንድ ጣውላ ተሰንጥቋል። ዛሬ የመጀመሪያው ዝግጅት ነበር። ወንበር ሞልቶ መስኮት ላይ የተቀመጡ ልጆች ነበሩ። መብራት አንድ ጊዜ ጠፋ፤ የባትሪው መብራት አዳነን። ከመጀመሩ በፊት ወጥቼ ኅዳር 14 ቀን የሆነውንና ማን እንደተጎዳ፣ ስም ሳልጠራ፣ ተናገርኩ። የሹፌሩ ሚስት አልመጣችም። ትልቁን ልጇን ልካዋለች፤ ከፊት ተቀምጧል።

አራተኛው ጥያቄ ላይ ልጅቷ ዝም ስትል አዳራሹ አብሯት ዝም አለ። 20 ሳይሆን እስከ 30 ሳትቆጥር አልቀረችም። ሁለተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጡት እማማ «እግዜር ይማርሽ» ሲሉ ሁሉም ሰማ። የተናገሩት ለገጸ ባሕርይዋ ይሁን ለልጅቷ እኔም አላወቅሁም።

ሲያልቅ ደረጃው ላይ ያዙኝ። ነጠላቸውን እያስተካከሉ «አንድ ጥያቄ ረስተሻል» አሉኝ።

«የትኛውን፣ እማማ?»

«ማን ቀረ? እሱን ሳልጠይቅ ተነሥቼ አላውቅም። ለዚያች ልጅ መጀመሪያ እሱን ቢጠይቋት ኖሮ እናቷ ቤት ቁጭ ብላ እንደምትጠብቃት ትናገር ነበር።»

ነገ ልምምድ በ10 ሰዓት ነው። መምህርቷ ጥያቄውን ዛሬ ማታ ያጠናሉ፤ ለልጅቷ ግን አልነገርናትም፤ መድረክ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ትስማው።

አይ፤ ይህንንም እነግራታለሁ።